በቴሌቪዥን የሞተች እናት

(አዲስ አበባ፣ የቴሌኮምና የሚዲያ ባለሀብቱ የአቶ ይርዳው ቢሮ፤ ታላቅ እህቱ እልፍነሽ በጠዋቱ መኪና ከደብረ ሲና መጥታ፣ ጸሐፊዋን አልፋ ዘው ብላ ገብታለች።)

እልፍነሽ፦ አልቀመጥም አልኩህ! መጀመሪያ ያንን ፊልም አስቀርልኝ።

ይርዳው፦ እትዬ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ። ሠራተኛ ይሰማል።

እልፍነሽ፦ ይስማ! «እናቴ የሞተችው በሰባት ዓመቴ ነው» ብለህ ለአገር ስታወራ ያላፈርክ፣ ዛሬ ጸሐፊህን አፈርክ?

ይርዳው፦ እሱ እኮ ማስታወቂያው ነው። የሕይወት ታሪኬ ሙሉው ፊልም ገና ነገ ነው የሚተላለፈው።

እልፍነሽ፦ ማስታወቂያውማ በቃን! እሁድ አሳያችሁት፣ ሰኞ ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ከተፍ አሉ። በር የከፈተችላቸው ማን መሰለህ? ራሷ እማዬ! «ማን ሞቶ ነው?» ብትላቸው ሊቀመንበሩ የሚገባበት ጠፋው።

ይርዳው፦ ኪኪኪ! አይ የኛ አገር ሰው!

እልፍነሽ፦ ትስቃለህ? አታፍርም?

ይርዳው፦ ላልቅስልሽ ታዲያ? ስሚ፣ የውጭ ሸሪኮቼ ነገ ከሰዓት የሽርክናውን ውል ይፈርማሉ። እኔን የሚያውቁኝ ወላጅ አልባ ሆኖ ከባዶ የተነሳ ሰው ነው ተብሎ ነው። ደግሞስ ውሸት ነው? ባትሪ ከመሙላት ወደ ካርድ ማከፋፈል፣ ከዚያ የኔትወርክ ማማ፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን… ይሄን ሁሉ ማን ሠራው? እኔ!

እልፍነሽ፦ የገበሬውን ስልክ ባትሪ የምትሞላባትን ሱቅ ማን ከፈተልህ? መናኸሪያ ውስጥ ቆሎ ይዛ አውቶቡስ ለአውቶቡስ ስትሮጥ የኖረችው ማን ናት? እናት ያለው ሰው ባዶ ነው እንዴ?

ይርዳው፦ ቤት ሠርቼላታለሁ። መብራቱ፣ ውሃው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ምን ጎደላት?

እልፍነሽ፦ ልጅ!

ይርዳው፦ በቃ፣ አንዴ ወጥቷል። ወጥቼ «ዋሽቻለሁ» ልበል? ከዚያ በኋላ የጣቢያዬን ዜና ማን ያምነዋል? ይልቅ ለእድርተኛው ምን አለቻቸው?

እልፍነሽ፦ እስኪ ገምት።

ይርዳው፦ ረግማኝ ይሆናላ።

እልፍነሽ፦ ምነው በረገመችህ! «ልጄ አልዋሸም። እኔ አሳዳጊው ነኝ፤ የወለደችውስ ድሮ ሞታለች» አለቻቸው። አንተን ያዋለዱት እማማ የሺመቤት እዚያው ፊቷ ቆመው! እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ይርዳው፦ እንደሱ አለች? እሰይ! አለቀ ደቀቀ። እማዬ ድሮም ብልህ ናት።

እልፍነሽ፦ አፈር ብላ! እኔስ የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር።

ይርዳው፦ አሁን ሂጂልኝ፣ ስብሰባ አለኝ። በሹፌር አሸኝሻለሁ።

እልፍነሽ፦ ብቻዬን አልመጣሁም።

ይርዳው፦ ከማን ጋር መጣሽ?

እልፍነሽ፦ እማዬ «ዓይኑን ብቻ አይቼው ልመለስ» ብላ አብራኝ መጥታለች። ጥበቃው «የአቶ ይርዳው ምናቸው ነዎት?» ቢላት፣ «የድሮ ጎረቤታቸው ነኝ» አለችው። ያለ ፈቃድ አይገባም ብሎ ፀሐይ ላይ አቁሟታል። ያውልህ ስልኩ። ደውልና አስገባት በለው። ማንን እንደሚያስገባ ግን አንተ ትነግረዋለህ፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።