ሙሉ ጠርሙሱ ስንት ማንኪያ ነው?

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የተከበሩ ዋና ኬሚስታችን፣ ክቡራትና ክቡራን የመልስ ክፍል ባልደረቦቼ፤

እንዲህ ብለህ ጀምር ያሉኝ፣ ሰው በደነገጠ ቁጥር "ረጋ በል" ስለሚሉ በዚሁ የምንጠራቸው የጎረቤት ጠረጴዛዬ ጋሼ ረጋ በል ናቸው። እኔ "ሰላም ናችሁ" ብዬ ልገባበት ነበር። ወንበሩን ሁሉ ከምሳ አዳራሹ ተሸክማችሁ፣ የእረፍት ሰዓታችሁን ሰውታችሁ፣ ሁለት ወር ተኩል ብቻ የሠራ ልጅ ስለምትሸኙ ከልቤ አመሰግናለሁ። እኛ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት የሒሳብ መምህር የተሸኙት በአንድ ሳህን ብስኩት ነው። እሱንም የጨረስነው እኛ ነን።

ሰኞ አሥራ አንደኛ ክፍል እገባለሁ። ከማሸጊያ ክፍል የመጣችሁ አዳዲሶች ስላላችሁ ግን መጀመሪያ እንዴት እንደመጣሁ ልናገር። እዚያ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የእህቴ ነበር። ስለ መጠጦቻችን መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ሲደውል አራት ዓመት ሙሉ የመለሰችው እሷ ናት። አምና መኪና ገጭቷት ሞተች። እዚህ ግቢ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁላችሁም "ማንኪያ" ነበር የምትሏት። ስኳርን በግራም መናገር አትወድም ነበርና። "ግራም ማን ቤት አለ? ማንኪያ ግን የሌለው ቤት የለም" ትል ነበር። ዕቃዋን ልንወስድ ከእናቴ ጋር ስንመጣ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ ነዎት "እረፍት ስትወጣ መጥተህ ስልክ ታነሳልናለህ?" ያሉኝ። ዕቃዋን ሳንወስድ ተመለስን።

ሰው ስለ ለስላሳ መጠጥ ምን ያህል ጥያቄ ቢኖረው ነው? አምስት? ስድስት? እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። "ጋዙ አንጀት ይበጥሳል?" አይበጥስም፤ ሆድ ይነፋል፣ ያስገሳል፣ ቃር ያለበትን ያስቸግራል። "ስኳር የሌለው ከሆነ ጥርስ አይነካም አይደል?" ስኳር ባይኖረውም አሲድ አለው፤ አሲዱ ጥርስ ይነካል። "ልጄ ጠጥቶ አልተኛም አለ፤ ምን አድርጋችሁበት ነው?" ካፌይን ያለበትን ሰጥተውት ይሆናል፣ ጽሑፉን ይዩት።

አንዲት ሴትዮ ደግሞ ደውለው "ጥርስ ውስጡ ቢያድር ይሟሟል ይባላል፤ እውነት ነው?" አሉ። ጋሼ ረጋ በል ስልኩን ተቀብለው፣ "እትዬ፣ እርስዎ ጥርስዎን የሚያሳድሩት ጠርሙስ ውስጥ ነው እንዴ?" ቢሏቸው፣ "አይ፣ እኔ ብርጭቆ ውስጥ ነው" ብለው መለሱ። ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ነበር። ጋሼ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ማንሳት አቅቷቸው ዋሉ።

እኔ ግን በሦስተኛው ሳምንት የማያስቅ ነገር ሠራሁ።

አንድ ሽማግሌ ደወሉ። "ልጄ፣ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ይቺ የግማሽ ሊትሯ ጠርሙስ ስንት ስኳር አላት?"

ከቀዩ የመልስ ፋይል ላይ አነበብኩ። "አሥር ነጥብ ስድስት ግራም፣ አባባ።"

"በማንኪያ ስትለውስ?"

ኮራሁ። የእህቴ ወንድም አይደለሁ? "ወደ ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ።"

"ይህማ ድሮ ሻዬ ላይ ከማደርገው ያንሳል። ተባረክ" ብለው ዘጉ።

ከዚያ እስክሪቢቶ ፍለጋ መሳቢያዋን ከፈትኩ። ማስታወሻ ደብተሯ እዚያው ነበር። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ "መጀመሪያ የሚጠየቅ፦ ጠርሙሱ ምን ያህል ነው? ፋይሉ ላይ ያለው ቁጥር የመቶ ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ከሆነ በአምስት ይባዛል። አሥራ ሦስት ማንኪያ። ለአለቃ ነግሬያለሁ።" ከሥሩ በሌላ ቀለም፦ "ለአለቃ ደግሜ ነግሬያለሁ።"

ደብተሩን ይዤ ጋሼ ጋ ሮጥኩ። ጋሼ "ረጋ በል" አሉኝና መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ፈልገው ደወሉ። ሦስት ጊዜ ተይዟል አለ። በአራተኛው ሚስታቸው አነሱ።

"እሱን ነው? ጠርሙሱን ታቅፎ ተቀምጧል።"

"እባክዎ እንዳይጠጡት ይንገሩልኝ" አልኩ።

"ሰማህ? እኔ ስናገር ቅናት ይመስልሃል" ሲሉ ተሰማኝ። ከዚያ አባባ ራሳቸው መጡ። ሁለት ጊዜ ብቻ ተጎንጭተው ነበር። አሥራ ሦስት መሆኑን ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው።

"ያንተ ብቻ አይደለም" አሉኝ። "መነጽሬን አድርጌ ጠርሙሱን አነበብኩት። እሱም ያንተኑ ቁጥር ነው የሚለው።"

ያን ቀን ቤት ስሄድ አንድ ነገር ወሰንኩ። የእህቴ ገጽ ከመሳቢያ ወጥቶ ጠርሙሱ ላይ ሳይለጠፍ ትምህርት ቤት አልመለስም።

ዋና ኬሚስታችን "ቁጥሩ ትክክል ነው" አሉኝ። ትክክል ነው። "ግን እትዬ፣ መቶ ሚሊ ሊትር ለክቶ የሚጠጣ ሰው አይተው ያውቃሉ?" አልኳቸው። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎም "አሥራ ሦስት ማንኪያ ብዬ ጽፌ ማን ይገዛኛል?" አሉ። ይህን ማንሳቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ንግግሩን ትናንት አሳይቼዎት "አትሰርዘው፤ ይግባ" ስላሉኝ ነው። ጋሼ "እኔ ዛሬ አልረጋም" ብለው ከወንበራቸው የተነሱትም እርስዎ "ማን ይገዛኛል?" ሲሉ ነው። ሁላችንም ደነገጥን፤ ከሁሉም በላይ የደነገጡት ራሳቸው ናቸው።

ኬሚስታችን "የጠርሙስ ጽሑፍ እንዲቀየር በጩኸት አልፈርምም፤ ማስረጃ አምጡ" አሉ። እናንተስ ምን አደረጋችሁ? በምሳ ሰዓታችሁ መዝገቡን ተካፈላችሁ። ስለ ስኳር ጠይቀውን የነበሩ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰዎች ጋ መልሳችሁ ደወላችሁ። "ሙሉ ጠርሙሱ ስንት ስኳር ያለው ይመስልዎታል?" ብላችሁ ጠየቃችሁ። በትክክል የመለሱት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ ሰባቱ "ማንኪያ የምትባል ልጅ ነግራኝ ነው" አሉ።

ኬሚስታችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እስክሪቢቶ ጠየቁኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከፊርማቸው ሥር እርስዎም ፈረሙ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይኸው፣ አዲሱ ጠርሙስ በእጄ ነው። ያለ መነጽር ይነበባል። "ሙሉ ጠርሙሱ፦ 53 ግራም ስኳር፤ 13 የሻይ ማንኪያ ያህል።" አሸንፈናል። አባባም ትናንት ደውለው ነበር። "ሱቅ ሄጄ አየሁት፤ አልገዛሁትም፤ ግን ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት" አሉኝ። ሥራ አስኪያጃችን፣ አንድ ደንበኛ አጥተናል፤ እሳቸው ግን አሉ።

አንዱን ጠርሙስ ለእናቴ ወሰድኩላት። አምና እህቴ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ የዚህን ፋብሪካ መጠጥ ቤቷ አስገብታ አታውቅም ነበር። አገላብጣ አየችውና "ስሟን አልጻፉትም" አለች።

"አልጻፉትም፣ እማ። ቁጥሩ ግን የእሷ ነው።"

እናቴ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አደረገች። ከዚያ "አሥራ ሦስት" ብላ አነበበችው፤ ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እንዲሰማ።

እንግዲህ ልሰናበት። ደብተሯ መሳቢያው ውስጥ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ለሚቀጥለው ሰው። ጆሯችሁ አይድከም፣ ምላሳችሁ አይሳሳት። ከሥራ በሰላም ውጡ፣ መንገዱን በሰላም ተሻገሩ፣ ቤታችሁ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ አይጉደል። ልጆቻችሁ ጤነኛ ይሁኑ፣ እናንተም አርጅታችሁ በራሳችሁ ጥርስ ሳቁ።

ስልኩ ንግግሬን ከጀመርኩ ጀምሮ እየጠራ ነው። አንድ ሰው ያንሳው። መጀመሪያ የሚጠየቀውን ታውቁታላችሁ።