ስልኩን የያዘው እጅ የማን ነበር

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አሰጋሽ ቀናው
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በሚኒባስ ታክሲ ጎማ መውለቅ ምክንያት በእግረኛ ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ ትናንት ሐሙስ ጠዋት ስለደረሰው አደጋ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን እንድናገር ተጠይቄ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። ተጎጂዋንም ሆነ አሽከርካሪውን ከዚያ በፊት አላውቃቸውም፤ ዝምድናም ጠብም የለኝም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከኮዬ ፈጬ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የምሄደው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለሚገኘው ወንድሜ ስንቅ ለማድረስ ነበር። የተቀመጥኩት ጋቢና ውስጥ ከአሽከርካሪው ቀጥሎ ባለው መሃለኛ ወንበር ላይ ሲሆን፣ የስንቁን ሳህን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። አሽከርካሪው ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ወጣት ነው። ስሙ ፊሮምሳ መሆኑን ያወቅሁት ከአደጋው በኋላ ነው።

ከራዲዮኑ አጠገብ አንድ የሕፃን የሱፍ ካልሲ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ቱሉ ዲምቱ አደባባይን እንዳለፍን ካልሲው ውስጥ ስልክ ጮኸ። አሽከርካሪው ዞር ብሎም አላየውም። ስልክ ለምን ካልሲ ውስጥ እንደሚቀመጥ ስላልገባኝ ጠየቅሁት። «መብራቱ ዓይኔን ይጠራዋል፤ ካላየሁት አልነካውም» አለኝ። ስልኩ ዝም ብሎ እንደገና ጮኸ። ለምን እንደማያነሳው ስጠይቀው «እናቴ፣ እጄ መሪ ላይ ነው። መጨረሻ ስንደርስ እደውላለሁ» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ግን ሰው የሞተበት ወይም የታመመበት እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ። እውነቱን ለመናገር ማን እንደሆነ ማወቅም ፈልጌ ነበር። «ላንሳልህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ያንሱትና የሚለውን ይንገሩኝ» አለ። ስልኩን ከካልሲው አውጥቼ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

የደወለው ወንድ ሲሆን የሚናገረው በኦሮምኛ ነበር። እየጮኸ ስለነበርና ቋንቋውንም በደንብ ስለማልሰማ ከንግግሩ የለየሁት «ጎማ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ራሱ ቢሰማው ይሻላል ብዬ ስልኩን ወደ አሽከርካሪው ቀኝ ጆሮ አስጠጋሁለት። እሱም ራሱን ወደ መስኮቱ ሸሸት አድርጎ «ወደኔ አያምጡት፣ ምን አለ?» አለኝ። «ጎማ፣ ጎማ ይላል» አልኩት። ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ የቀኝ ፍሬቻ አሳየና ወደ መንገዱ ዳር መውጣት ጀመረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለት እጁ መሪው ላይ እንደነበረ አይቻለሁ።

መኪናው ከመቆሙ በፊት ከኋላ ትልቅ ድምፅ ተሰማ፣ በቀኝ በኩል ዘመመ፣ አስፋልቱንም እየፋቀ ቆመ። የወለቀው የኋላ ቀኝ ጎማ በአጠገባችን አልፎ ብቻውን ወደ ፊት ሲሄድ በመስኮት አየሁት። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ዘሎ፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ ለሚሄዱ ጠያቂዎች ብርቱካን ስትሸጥ የነበረችውን አለሚቱ የተባለች ሴት እግሯን መትቶ ጣላት።

አሽከርካሪው ከሁሉም ቀድሞ ወርዶ ወደ እሷ ሮጠ። ሰው ሲሰበሰብ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የሆኑት አቶ ሰይፈሥላሴ «ስልክ እያወራ ነበር፣ አይቼዋለሁ» አሉ። ሕዝቡም ተቆጣ። ከኋላችን ይመጣ የነበረው ሌላ ሚኒባስ ቆመና ሂርጳ የተባለው ሾፌር ወርዶ መጣ። እሱ ደግሞ ፊሮምሳን «ጎማህ እየተወላገደ ነው ልልህ ስንቴ ደወልኩ! ለምን አታነሳም?» አለው። አንዱ ለምን አነሳህ፣ ሌላው ለምን አላነሳህም ሲሉት ፊሮምሳ መሬት ላይ ተንበርክኮ የሴትዮዋን እግር በነጠላዬ ያስር ነበር።

ተጎጂዋን በሂርጳ መኪና ወደ ሕክምና ስንወስዳት ራሷን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንዴት መሸሽ እንዳልቻለች ጠየቅኋት። «ሲመጣ አይቼዋለሁ። መኪና የሌለው ጎማ የማን ይሆን ብዬ ሳስብ ደረሰብኝ» አለችኝ። እግሯ ከጉልበቷ በታች መሰበሩን ሐኪሙ ነግሮናል። ወንድሜን በዚያ ቀን ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ጣቢያው ስመጣ አቶ ሰይፈሥላሴ አሽከርካሪው በቀኝ እጁ ስልክ ይዞ ሲያወራ አየሁ ብለው ትናንት ቃል መስጠታቸው ተነገረኝ። መርማሪው ሁለታችንን መኪናው ወደቆመበት ግቢ ወስደው እንደ ትናንቱ አስቀመጡን፤ አቶ ሰይፈሥላሴ ከሾፌሩ ጀርባ፣ እኔ በቦታዬ። በሾፌሩ ወንበር ላይ አንድ ፖሊስ ተቀመጠ። ዛሬም የለበስኩት የትናንቱን ጥቁር ሹራብ ነበር፤ ፊሮምሳም ትናንት ጥቁር ጃኬት ነበር የለበሰው። ስልክ ይዤ እጄን ወደ ፖሊሱ ጆሮ ሳስጠጋ አቶ ሰይፈሥላሴ ከኋላ ሆነው ተመለከቱ። ቀጥለውም «ግን አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ማንን ነበር የሚያናግረው?» ብለው ጠየቁኝ። ያናገረው እኔን መሆኑን፣ «ወደኔ አያምጡት» ማለቱንም ነገርኳቸው። እንደገና እጄን እንዳነሳ ለምነውኝ አነሳሁ። ከዚያ ለመርማሪው «ያየሁት እጅ ይኼ ነው። የወንበሩ መደገፊያ ከልሎብኝ የሱ መስሎኝ ነው፤ ቃሌ ይታረምልኝ» አሉ። ለእኔም ይቅርታ ጠየቁኝ። ይቅርታው ለፊሮምሳ ነው አልኳቸው። ፊሮምሳ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስለነበር ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። የተባባሉትን አልሰማሁም።

አሽከርካሪው በስልኩ የተነገረውን በራሱ ጆሮ ሰምቶ እንደሆነ ተጠይቄ፣ የደዋዩ ድምፅ ከፍተኛ ስለነበር ጥቂት ቃል ሊደርሰው እንደሚችል፣ ነገር ግን ለደዋዩ አንድም ቃል እንዳልመለሰ ተናግሬያለሁ። ሂርጳ ክላክስ አድርጎ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ያን ጊዜ ብዙ ክላክስ እንደተሰማ፣ በዚያ መንገድ ላይ ግን ክላክስ የማያደርግ ስለሌለ ማናችንም ዞር እንዳላልን ገልጫለሁ። ጎማውን የሚያስረው ዳዶ እንዴት እንደላላ አላውቅም።

በመጨረሻ የምጨምረው እንዳለ ስጠየቅ እኔ ጥያቄ ነበረኝ። ፊሮምሳ በመጀመሪያው ጥሪ ቢያነሳ ኖሮ ሴትዮዋ ጋ ሳንደርስ እንቆም ነበር ወይ? ሂርጳስ ከኋላችን ሆኖ ሲደውል መሪውን የያዘው በስንት እጁ ነበር? ባይደውልስ ኖሮ በዚያ ፍጥነት እያለን ጎማው ቢወልቅ ምን እንሆን ነበር? መርማሪው ምስክር የሚጠየቅ እንጂ የሚጠይቅ አይደለም ብለውኛል። እኔም መልሱ ቢቀር መጠየቄ ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፎልኛል።

ይህ ቃል ያለ ማንም ግፊት የሰጠሁት፣ ተነቦልኝ የሰማሁትና ከተናገርኩት ጋር አንድ መሆኑን ያረጋገጥኩት ስለሆነ እውነት ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አሰጋሽ ቀናው
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ነቢዩ ሮሪሳ
ፊርማ፦ ____________