ከምሽጉ በታች ያለው ሰፈር

ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው የጣሊያን ካሚዮን ላይ ከአጠገቤ አንዲት አሮጊትና አንዲት ሸማ ነጋዴ ያወራሉ።

«የት ነው የምትኖሪ፣ ልጄ?»

«ደብረ ማርቆስ፣ ከጣሊያኑ ምሽግ በታች።»

«ዐረቡ፣ ለጣሊያን ወታደርነት ያደረው አስካሪ፣ ሸማኔው የተደባለቀበት ሰፈር?»

«አዎ፣ እማማ። ግን እንተዛዘናለን። ባለፈው አንዲት የአስካሪ ሚስት ባሏ ሞቶባት ወለደች። የዐረቡ ሚስት አዋለደቻት፤ ሸማኔው መታቀፊያ ሰጣት፤ እኔ ገንፎ አገነፋሁላት።»

«ዘመድ የላትም?»

«ጥሩወርቅ የምትባል የይጁቤ ልጅ ናት። እናቴ ሞታለች ትላለች።»

አሮጊቷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አልሞትሁም። አስካሪ አገባች ብዬ በሬን የዘጋሁባት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አብረን እንውረዳ።»

«በምን ዐይኔ አያታለሁ?»

«መጀመሪያ ሕፃኗን ይታቀፏት፤ እሷን ቀስ ብለው ያዩዋታል።»

እኔም እንደ እሷ በሬን የዘጋሁባት የይጁቤ ሰው ነኝና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ።