የሲስተር የሺ አውራ ጣት

ባልደረቦቼ፣ የሲስተር የሺ የጡረታ መሸኛ ነውና ንግግሬን አላረዝመውም። እሳቸው እዚያ ቁጭ ብለው ማን ምን ያህል እንደበላ እያዩ ስለሆነ፣ ምግባችሁ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሰሃናችሁ ልመልሳችሁ።

ሲስተር ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍላችን ተዛውረው የመጡ ዕለት ሚዛን ታቅፈው ነበር። ጥበቃው ይሻው፣ «እናቴ፣ ገበያው በታች በኩል ነው» ብሎ በር ላይ አቆማቸው። እሳቸውም፣ «እኔ የምመዝነው ሰው ነው» ብለውት አልፈው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ መሃል ያልተመዘነ አለ? የባልደረባችን የፋሲል ሠርግ ላይ እንኳ ከኪሳቸው በማትጠፋው ሜትር የሙሽራውን ክንድ ለክተው፣ «ቀጥኗል፤ አደራሽን» ብለው ለሙሽሪት አስረከቡ!

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። አዲስ ሐኪም ሳለሁ፣ አንጀቱ ተበስቶ ቀዶ ሕክምና ያደረግንለት ማሩ የሚባል የጉና ገበሬ ተኝቶ ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎታል። በሳምንቱ ሲመዘን አራት ኪሎ ጨመረ። እኔም ደስ ብሎኝ ካርዱ ላይ «ተሽሎታል» ብዬ ጻፍኩ። ሲስተር ቅልጥሙን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት፤ የጎደጎደው ቦታ አልመለስ አለ። የሐኪሞቹ ዙር አልቆ ኮሪደር ላይ ሁለታችን ስንቀር ነው፣

«ዶክተር፣ የጨመረው ውኃ ነው» ያሉኝ። «ሰውየው እያለቀ ነው። ቀበቶውን አይተኸዋል? ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቶበታል።»

«ሚስቱ ግን ይበላል ብላኛለች እኮ!»

«ሰሃኑን የማየው እኔ ነኝ። ሑዳዴ ነው ብሎ እንቁላሉንም ወተቱንም አልነካም። ትኩሳቱ ደግሞ ሥጋውን እየበላው ነው።»

ማሩን አልተቆጡትም፤ የንስሐ አባቱን አስጠሩለት። ቄሱ አልጋው አጠገብ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ብላ» አሉት። ማሩ እያለቀሰ ወተቱን ተጎነጨ። ሲስተርም ትንሽ ትንሽ እየሰጡ፣ የበላውን እየጻፉ፣ ክንዱን እየለኩ ሰነበቱ። እብጠቱ ሲጎድል ኪሎው ወረደ፤ እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ሳቁ። ለፋሲካ ማሩ በእግሩ ቆሞ አገሩ ገባ።

ሲስተር፣ ያን ሰው ለጥቂት ገድዬው ነበር። እርስዎ አዳኑት፤ እኔንም በሰው ፊት አላዋረዱኝም። ያኔውኑ ማመስገን ነበረብኝ፣ አፍሬ ተውኩት። አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዙር ላይ አዲሷ ሐኪማችን ቃልኪዳን፣ «ሦስት ኪሎ ጨምሯል፣ ተሽሎታል» አለችኝ። የበሽተኛውን ቅልጥም በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። የነገርኳት ኮሪደር ላይ ነው።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ! ሲስተር የሺ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ የልጅ ልጅ እየመዘኑ ይኑሩልን።

ሰሃንዎን ግን አይቼዋለሁ፤ አልነኩትም። ከዛሬ ጀምሮ የማየው እኔ ነኝ፤ ይብሉልኝ።