በአንድ በኩል ብቻ የተሠራው ግንብ

ከጫጫ በሚኒባስ ስንነሳ የድሮ የወንዝ ማዶ ጎረቤቴ ከፊቴ ተቀመጠ፤ ነጠላዬን ስለተከናነብኩ አላወቀኝም። ከጎኑ ላለችው ወጣት መሐንዲስ ያወራላታል።

«የሰፈራችንን የጎርፍ መከላከያ ግንብ ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ አባባ፣ ለምን በአንድ በኩል ብቻ?»

«ድንጋይ አለቀብን።»

«የእርስዎ ቤት በየት በኩል ነው?»

«በግንቡ በኩል ነዋ! ከወንዙ ማዶ አንዲት ነገረኛ ሴትዮ ነበረች፤ ጎርፉ ጓዳዋ ሲገባ ጩኸቷ አንኮበር ይሰማ ነበር።»

«አሁን ወንዙን ልናሰፋው ነው።»

«እሰይ! በማዶው በኩል?»

«በግንቡ በኩል። ግንቡ ወደ ወንዙ ገብቶ ስለተሠራ ውኃውን አጥብቦታል።»

«ለጎመን መደቤ ትንሽ ገፋ አድርጌው ነው እንጂ...»

«አረንጓዴው በር የእርስዎ ነው እንዴ? ትናንት ቀይ ቀለም ቀብተንበታል፤ ቤቱ ይፈርሳል።»

«የኔ ቤት?»

መውረጃዬ ቢደርስም «ወራጅ አለ» ሳልል አብሬያቸው አለፍኩ።