ፕላስተር የተለጠፈባት ኳስ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የብርጭቆ መንፊያ ቤት፤ በቅርቡ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ኤፍራታ፣ አባቷ በሞተ በሦስተኛ ወሩ፣ የተሰነጠቀች የብርጭቆ ኳስ ይዛ፣ ከአጎቷ ከወሰንየለህ ጋር ምድጃው ፊት።

ኤፍራታ፦ እሳት አታስነካትም አልኩህ እኮ ጋሼ። በማስቲሽ አጣብቅልኝ፣ በቃ።

ወሰንየለህ፦ ብርጭቆ በማስቲሽ? ጫማ አደረግሻት እንዴ? ደሞ ይሄ ምንድነው የለጠፍሽባት?

ኤፍራታ፦ ፕላስተር። በስንጥቋ እንዳይወጣ ብዬ።

ወሰንየለህ፦ ምኑ?

ኤፍራታ፦ የአባ ትንፋሽ ነዋ።

ወሰንየለህ፦ አየር ነው አቦ። ስጪኝ፣ አቅልጬ አዲስ ልንፋልሽ። ስምሽንም ዓመቱንም እጽፍባታለሁ።

ኤፍራታ፦ አዲስ ምን ያደርግልኛል? በኛ ቤት ትምህርት የጨረሰ ልጅ መታሰቢያውን አባቱ አይደል የሚነፋለት? ላንተም አያቴ ነፍቶልሃል፣ አንድ ጣሊያን መንፋት ባስተማረው በዚሁ ቧንቧ። እኔ ከአባቴ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።

ወሰንየለህ፦ ስንጥቅ እኮ አይቆምም። ዛሬ አንገቷ ጋ ነው፣ ነገ ሆዷ ጋ ነው።

ኤፍራታ፦ አንተ ምን ቸገረህ። ሆስፒታል ሲተኛ ስንቴ መጣህ? አንዴ። እሱንም የዚህን ቤት ቁልፍ ልትቀበል። አርባው ሳይወጣ ደሞ በሩ ላይ ያለውን ስሙን አጠፋህ።

ወሰንየለህ፦ ቀለሙ ለቆ ነበር።

ኤፍራታ፦ የሱ ብቻ ነው የሚለቀው? ያንተ ያብለጨልጫል።

ወሰንየለህ፦ ኤፊ፣ ተይ።

ኤፍራታ፦ አልተውም። መደርደሪያው ላይ እሱ የሠራው አንድ እንኳን የለም፣ ሁሉንም አቅልጠህ ጨረስክ። አሁን ደሞ ይቺን።

ወሰንየለህ፦ እሷ የሱ አይደለችም።

ኤፍራታ፦ እ?

ወሰንየለህ፦ እኔ ነኝ የነፋኋት።

ኤፍራታ፦ ውሸታም። በጋዜጣ ጠቅልሎ በእጁ ነው የሰጠኝ።

ወሰንየለህ፦ መጀመሪያ የሰጠሽስ?

ኤፍራታ፦ የቷ? ያቺ ጠማማዋ?

ወሰንየለህ፦ ምን አልሻት?

ኤፍራታ፦ ... ድንች። «አባ፣ ድንች ነው እንዴ የሠራህልኝ» አልኩት። ጓደኞቼ ነበሩ፣ ተሳሳቅን። እሱም እኮ ስቋል። «ትቀየራለች» አለኝ።

ወሰንየለህ፦ እዚህ መጥቶ በገዛ እጁ ምድጃ ውስጥ ከተታት። ሌላ ሊነፋ ሦስቴ ሞከረ፣ ሦስቴም ሳሉ አስጣለው። ከዛ «አንተ ንፋላት፣ እንዳትነግራት» አለኝ። ሆስፒታል ስመጣ እንኳን የጠየቀኝ እሱኑ ነው፣ «ነገርካት?» ብሎ። ድጋሚ መምጣት አቃተኝ።

ኤፍራታ፦ እና ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የማወራው ካንተ ትንፋሽ ጋር ነው?

ወሰንየለህ፦ አዎ።

ኤፍራታ፦ አቅልጣት።

ወሰንየለህ፦ እሺ። ቀጥ ያለች፣ ቆንጆ አድርጌ...

ኤፍራታ፦ ጠማማ አድርጋት። እንደዛችኛዋ። ድንች።

ወሰንየለህ፦ አልችልም ኤፊ። የሱ የጠመመችው ትንፋሽ አጥሮት ነው። እኔ ደህና ነኝ።