በወንድሟ ደም ሥር ውስጥ የገባችው ካሜራ

ሴትዮዋ መውጫው ጠፍቷት የሆስፒታሉን ኮሪደር ስትዞር ወንድሟን ከምታክመው ቀዶ ሐኪም ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ታናሽ ወንድሟ ባለፈው የተከፈተለት የእግሩ ደም ሥር እንደገና ተዘግቶ፣ እግሩ ቀዝቅዞ ተኝቷል፤ ዛሬ ካልተከፈተ መቆረጡ ነው። እሱ ግን «እትዬ እሺ ሳትል ማንም አይነካኝም!» ብሎ አሻፈረኝ ብሏል። በዚያ ቤት ሽበት ከወጣም በኋላ የሚፈርደው ታላቅ ነው።

«እማማ፣ እንኳን አገኘሁዎት» አለች ሐኪሟ። «የረጋውን ደም ካወጣን በኋላ ከክብሪት እንጨት የቀጠነች ካሜራ ደም ሥሩ ውስጥ አስገብተን ልናይ ነው።»

«ካሜራ? እግሩ ውስጥ ማን ተሞሽሯል?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የቀረ እንዳለ ለማየት ነው።»

«ትናንት ፎቶ አንስታችሁት የለም እንዴ?»

«እሱ ከውጭ የተነሳ ጥላ ነው፤ የተለጠፈውን ሊስተው ይችላል።»

«ደም ውስጥስ ምን ይታያል? ቀይ በቀይ!»

«ደሙን ለጊዜው ገትተን በጨው ውሃ እናጥበዋለን።»

«ጨው በቁስል!» ሴትዮዋ ራሷን ያዘች። የተማረ ሰው አንዱን ሲፈታ ሌላውን ይቋጥራል።

«እንደ እንባ ነው፣ አያቃጥልም። ሲበዛ ግን ልብ ላይ ጫና ስላለው እየለካን ነው የምናስገባው።»

«ባለፈው ስትከፍቱትስ ይቺ ካሜራችሁ የት ነበረች?»

«አልነበረችም። ያኔ የረጋው ደም የተጎተተው በእጅ ስሜት ነው።»

«ሳታዩ? የእናቴን ልጅ በዳበሳ?» ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። ማንን እንደምትቆጣ ግን ግራ ገባት፤ እውነቱን የነገረቻት ይቺው ልጅ ናት። «አሁንስ ይድናል?»

«የቀረ ካለ ታሳየናለች። ይድናል ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

ሴትዮዋ የማይምል ሰው ደስ ይላታል። ወንድሟ አልጋ ድረስ ሄዳ «እሺ ብያለሁ! አይተው ይግቡ!» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወንድሟ አልጋ አጠገብ ምስሉን አሳየቻት፦ ነጣ ያለ ዋሻ፣ ጎኑ ላይ የተጣበቀ ጥቁር ነገር።

«ይኼ ወንድሜ ነው? ላዩ በየት በኩል ነው?»

«ላይም ታችም የለውም እማማ። ይኼን ሳናይ ሰፍተነው ቢሆን ተመልሶ ይዘጋ ነበር። አሁን ጠርገን አወጣነው፤ ሦስተኛ መከፈትም ላያስፈልገው ይችላል።»

ከጎን አልጋ ያሉት በሽተኛ «እኔ ካሜራ አላስገባም» ሲሉ ሰማች።

«አልገባዎትም አይደል? እኔም አልገባኝም!» አለቻቸው። «ግን የሆድዎን እቃ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚፈትሽ ሰው ይሰጣሉ?»

ወንድሟ ከሰመመኑ ነቃ። «እትዬ፣ የእግር ጣቶቼን አሳከከኝ።»

«እከካቸዋ! አሉህ እኮ!»